በደጃፍ የሚያልፍ መስመር

መልካ ጀብዱ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት። የቀኑ ሙቀት ገና ከግድግዳው አልወጣም። አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትመለከታለች። የፊዚክስ መምህሯ ማስታወሻ በቴሌግራም ልኳል፤ ፋይሉ 40 ሜጋባይት ነው። የገዛችው ጥቅል ደግሞ ሊያልቅ ደርሷል። ይህን ካወረደች ነገ የሚላከው የሒሳብ ጥያቄ ይቀርባታል።

«ኔትወርክ የለም እንዴ?» አለቻት እናቷ ከውስጥ።

«ኔትወርክማ አለ እማዬ። ዳታ ነው የሌለኝ።»

ነገሩ ሁሉ ያለው በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ነው። በሪፖርት ላይ ይህች ልጅ «ተደራሽ» ናት፤ ስልኳ ላይ ምልክቱ ሞልቶ ይታያል። በቤቷ ግን ኢንተርኔት ማለት ከስኳር፣ ከከሰልና ከውሃ መግዣ የተረፈ ሳንቲም ነው። እናቷ ለሹፌሮችና ለሠራተኞች ሻይና ዳቦ ትሸጣለች። ገበያው ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚቀረው ካርዱ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ያለው ባለሱቅ አንዳንድ ቀን «አቦ፣ ውሰጂው፣ ነገ ትከፍያለሽ» ይላታል። ዕዳው ግን ነገም አለ።

መልካ ጀብዱ ከዓለም የራቀ ሥፍራ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባላስደነቀ። የአዲስ አበባ ጅቡቲ አዲሱ የባቡር መስመር የድሬዳዋ ጣቢያ እዚያ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩም እዚያው ነው። በነሐሴ 2014 የሀገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጣና በድሬዳዋ ተመረቀ። በዚያው ወር ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሙከራ አገልግሎቱን ከሁሉም ከተሞች አስቀድሞ የጀመረው በዚችው ድሬዳዋ ነው። ኢትዮጵያ ከባሕር ውስጥ የኢንተርኔት ገመዶች ጋር የምትገናኝበት ዋናው በርም ጅቡቲ ናት፤ ድሬዳዋ ደግሞ በዚያ መንገድ ላይ የተቀመጠች ከተማ። ሸቀጡም ባቡሩም በልጅቷ ሰፈር ያልፋሉ። እሷ ግን 40 ሜጋባይት ለማውረድ ታሰላለች።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚያነሳው ጥያቄ አለ፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። «ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ መብራት በሚጠፋበት ሀገር መንግሥት ለኢንተርኔት ድጎማ ያውጣ ማለት ቅንጦት አይደለም ወይ?»

ኢንተርኔት መዝናኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቅንጦት ነበር። ግን አገልግሎቱን ወደ ኢንተርኔት የወሰደው መንግሥት ራሱ ነው። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስትራቴጂ በ2012 ጸድቋል። ክፍያው ወደ ቴሌብር፣ መታወቂያው ወደ ፋይዳ ሄዷል። የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚታየው በኢንተርኔት ነው፤ ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ከተፈታኞቹ ከፊሎቹ ፈተናውን ራሱን በኮምፒውተር ወስደዋል። ቤትና ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ሲነካ ያደገ ልጅና አይጥ መጨበጥ ለፈተና ሳምንት የደረሰበት ልጅ አንድ ጥያቄ ቀርቦላቸዋል ማለት፣ አንድ ፈተና ወስደዋል ማለት አይደለም። በሩን ያዛወረ አካል መንገዱንም የመሥራት ግዴታ አለበት።

ሕጉም ይህን አይቃወምም። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሲቋቋም አገልግሎቱ ለሁሉም እንዲዳረስ ማድረግ ከተሰጡት ኃላፊነቶች አንዱ ነበር። ገንዘብም ጭራሽ የለም አይባልም፤ ዓለም ባንክ በ2013 ለኢትዮጵያ የዲጂታል መሠረት ፕሮጀክት 200 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል። ጥያቄው ገንዘቡ ማን ጋ ይደርሳል የሚለው ነው።

ሌሎች እንዴት አደረጉት? ጎረቤት ኬንያ ከቴሌኮም ኩባንያዎች ገቢ ላይ 0.5 በመቶ እየሰበሰበች ኩባንያዎቹ አያዋጣንም ወደሚሉት አካባቢ የሚሄድ ፈንድ አቋቁማለች። አሜሪካ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች በወር እስከ 30 ዶላር፣ በነባር ጎሳዎች ምድር ለሚኖሩት ደግሞ እስከ 75 ዶላር የኢንተርኔት ክፍያ ትደጉም ነበር። ከ23 ሚሊዮን በላይ ቤተሰብ ተመዘገበ። ነገር ግን ፕሮግራሙ የቆመው በአንድ ጊዜ በጀት ላይ ስለነበር ገንዘቡ ሲያልቅ በ2024 እ.ኤ.አ. ቆመ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ምንጩ ያልታወቀ ድጎማ ሰውን ካስለመደ በኋላ ጥሎት ይሄዳል።

ከራስ ታሪክም ትምህርት አለ። በ1990ዎቹ ወረዳ ኔት መጣ፣ ስኩል ኔት መጣ፣ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ተሰቀለ። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ የጠፋባቸው፣ ፕላዝማው ተበላሽቶ የሚጠግነው አጥቶ ግድግዳ ላይ የቀረባቸው ትምህርት ቤቶች ጥቂት አልነበሩም። ለመግዣ በጀት ነበረ፤ ለጥገና ግን የታሰበበት አይመስልም።

ስለዚህ ለመልካ ጀብዱ የሚጠየቀው ለእያንዳንዱ ቤት ነፃ ኢንተርኔት አይደለም። ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያውና የወጣት ማዕከሉ ከማታ በኋላም የሚሠራ ዋይፋይ ይኑራቸው። መብራት ሲጠፋ የሚያስቀጥል ሶላር ይኑር፤ የድሬዳዋ ፀሐይ እንደሆነ አትጠፋም። የትምህርት ገጾች ዳታ ሳይቆርጡ ይከፈቱ። ወጪውም በየዓመቱ ከታወቀ ምንጭ ይሸፈን፣ ስንት እንደተሰበሰበና የት እንደዋለም ለሕዝብ ይነገር።

ልጅቷ ያን ምሽት ፋይሉን አላወረደችም። ተራው የእሷ አልነበረም። እሷና አራት ጓደኞቿ «የዳታ ዕቁብ» አላቸው፤ በየሳምንቱ አንዷ ጥቅል ትገዛለች፣ ታወርዳለች፣ ከዚያ ስልክ ለስልክ አጋጥመው ለሁሉም ይልካሉ። በማግስቱ ጠዋት ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አምስቱም ማስታወሻውን ይዘው ነበር።

ያለው ለሌለው እንዲያዋጣ፣ ተራ እንዲጠበቅ፣ ማንም እንዳይቀር። አምስት ሴት ልጆች ይህን ያለ በጀትና ያለ አዋጅ ሠርተውታል። አዋጅም በጀትም ያለው አካል ይህን መሥራት የሚያቅተው ለምን ይሆን?