አንደኛ ወጥተን ተሸነፍን

ቦስተን፣ ቻርልስ ወንዝ ላይ፣ ሁለታችን በአንዲት የሸራ ጀልባ ሁሉን ቀድመን ገባን። ምን ያደርጋል! የኮሌጅ ቡድን ውድድር ሦስት ጀልባ ለሦስት ነው፤ ደረጃው ተደምሮ 10 ወይም ከዚያ በታች ያመጣ ያሸንፋል። የኛ 1፣ 4 እና 6፤ አሥራ አንድ።

ደንቡ በየአራት ዓመቱ ይከለሳል፤ በ2025 እ.ኤ.አ. የጸናውን ሌሊቱን ሙሉ ሸምድደነው ነበር። የረሳነው መንገዱን ነው። እንደ ፈረንጆቹ ኤን ፊደል የተሰባበረው ለዘዴ እኮ ነው፦ ሽቅብ ወደ ነፋሱ፣ ወደ ጎን፣ ቁልቁል፣ ዳግም ወደ ጎን፣ ከዚያ ሽቅብ። በአራቱም መዞሪያዎች የፊተኛው ቆም ብሎ ባላጋራን ማዘግየት፣ ጓደኛን ማሳለፍ ይችላል። ሦስተኛዋን ጀልባ ብቻ ይዘን ቢሆን 10 ነበርን። እኛ ግን ሸሸን።

ጓደኞቻችን ሸራቸውን እየጠቀለሉ፣ «እንኳን ደስ ያላችሁ» አሉን።