ሰማንያ ሌሊት ለሦስት ሌሊት፦ በነጥብ ያደርንበት ኒውዮርክ

«ኒውዮርክ ሆቴል አደርኩ፤ ለክፍሉ ሰባራ ሳንቲም አልከፈልኩም!» የሚል ሰው ገጥሟችሁ አያውቅም? በተለይ ከአሜሪካ ለእረፍት ብቅ የሚል ዘመድ ካላችሁ ይህቺን ወሬ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ግማሻችሁ «አቤት ዕድል!» ብላችሁ ይሆናል። ግማሻችሁ ደግሞ በሆዳችሁ «ጉራ ብቻ!» ብላችሁ አልፋችሁታል። ይኸውላችሁ ወገኖቼ፣ ነገሩ ዕድልም አይደለም፣ ጉራም አይደለም። ነጥብ ነው። ፈረንጆቹ «ፖይንት» ይሉታል። እኔም በ2024 ዲሴምበር እናቴን ይዤ በዚሁ በነጥብ ኒውዮርክ መሐል ከተማ ሦስት ሌሊት አድሬበታለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) እናም ነፃ የተባለው ነገር ምን ያህል ነፃ እንደሆነ ቁጭ ብለን እንተሳሰብ።

*ነጥብ ከየት ይመጣል?*

የጉሊቷ እናት ድንች ከመዘነችላችሁ በኋላ «መርቂኝ» ስትሏት ሁለት ፍሬ ጣል ታደርግላችሁ የለ? ነጥብ ማለት ያቺ ምርቃት ናት። ልዩነቱ ሆቴሉ ምርቃቱን ወዲያው አይሰጣችሁም። በስማችሁ መዝግቦ ይይዘዋል። ለምን? ነገ ሌላ ቤት እንዳትሄዱበት ነዋ!

ነገሩን ያስፋፉት አየር መንገዶች ናቸው። አሜሪካን ኤርላይንስ በ1981 ማይል ማጠራቀም አስጀመረ። ሆቴሎቹም አልቆዩም፤ ማሪዮት በ1983፣ ሒልተን በ1987 ተከተሉ። የኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድም ሸባማይልስ አለው። በ2011 ስታር አሊያንስን ከተቀላቀለ ወዲህ የሸባማይልስ አባል በሌሎቹ አባል አየር መንገዶች በረራም ማይል ማጠራቀም ይችላል።

አሁን የእኔን ሒሳብ ልንገራችሁ። የምኖረው ዋሽንግተን አጠገብ ነው። ሥራዬ የሆስፒታል መሣሪያ መግጠምና መጠገን ስለሆነ ዛሬ አንዱ ከተማ፣ ነገ ሌላው ከተማ ነኝ። የማድርበትን የሚከፍለው መሥሪያ ቤቴ ነው፤ ነጥቡ ግን የሚመዘገበው በእኔ ስም ነው። የአንድ ሌሊት ዋጋ በአማካይ 150 ዶላር፣ ለአንድ ዶላር 10 ነጥብ። ሰማንያ ሌሊት ሲሞላ 12,000 ዶላር ማለት ነው፤ በነጥብ 120,000። የኒውዮርኩ ክፍል በሌሊት 40,000 ነጥብ ጠየቀ። አካፍሉት፦ ሦስት ሌሊት!

አያችሁ? ሰማንያ ሌሊት ከቤቴ ርቄ አድሬ ነው ሦስት ሌሊት ያገኘሁት። ሰማንያ ሌሊት ለብቻ እራት፣ ሰማንያ ሌሊት የቴሌቪዥን ጫጫታ። ይሄ እንግዲህ «ነፃ» ይባላል!

*መቼ ይመነዘራል?*

ብዙ ሰው ነጥብ ሲያገኝ እጁን ያሳክከዋል። ባገኘው ሆቴል፣ ባገኘው ቀን ያጠፋዋል። ከመያዛችሁ በፊት ግን አንዲት ቀላል ሒሳብ ሥሩ። ክፍሉ በጥሬ ገንዘብ ስንት እንደሆነ ከነታክሱ እዩ። ለተጠየቃችሁት ነጥብ አካፍሉት። የአንዷ ነጥብ ዋጋ ይወጣል።

እኔ የያዝኩት ክፍል በዲሴምበር ከነታክሱ በሌሊት 389 ዶላር ነበር። ለ40,000 ስናካፍለው አንዷ ነጥብ ወደ አንድ ሳንቲም ትጠጋለች። ያንኑ ክፍል ለጃንዋሪ መጨረሻ ሳየው 168 ዶላር ሆኖ ነጥቡ 35,000 ነው። አንዷ ነጥብ ከግማሽ ሳንቲም በታች ወረደች! የኒውዮርክ ሆቴል ከሴፕቴምበር እስከ ገና ይሰቀላል፤ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ ይረክሳል። እንግዲህ ብልጥ ሰው በርካሽ ወር በገንዘብ ይከፍላል፣ በውድ ወር ነጥቡን ይመዛል።

«ከነታክሱ» ያልኩት በምክንያት ነው። ኒውዮርክ ላይ የሆቴል ታክስ 14.75 ከመቶ ሲሆን በየሌሊቱ ሌላ 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይጨመርበታል። በነጥብ ለሚያድር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የክፍሉ ታክስ አይታሰብበትም። ረዘም ያለ ቆይታ ካሰባችሁ ደግሞ ማሪዮት ሙሉውን በነጥብ ለሚይዝ አባል አምስተኛውን ሌሊት ይመርቃል። ሒልተንም ይመርቃል፣ ግን ከብር ደረጃ ጀምሮ ላሉ አባላት ብቻ ነው።

*«መታወቂያና ካርድ!»*

ከዋሽንግተን በአውቶቡስ አራት ሰዓት ተኩል ተጉዘን ደረስን። እንግዳ መቀበያው ጋ ያለው ልጅ ፈገግ ብሎ መታወቂያና ካርድ ጠየቀ። «በነጥብ ነው የያዝኩት» አልኩት። «አውቃለሁ ጌታዬ፤ የአገልግሎት ክፍያ በሌሊት 35 ዶላር አለ» አለ። ከነታክሱ ወደ 40 ዶላር ይጠጋል። ለሦስት ሌሊት 120 ዶላር! ይህ ክፍያ በመሐል ማንሃተን ሆቴሎች የተለመደ ነው። ለኢንተርኔት፣ ለስፖርት ክፍል፣ ለምናምን ይሉታል። ብትጠቀሙም ባትጠቀሙም ትከፍላላችሁ። ከሜይ 2025 ወዲህ በአሜሪካ ሆቴሎች እንዲህ ያለውን የግዴታ ክፍያ በሚያስተዋውቁት ዋጋ ውስጥ ደምረው እንዲያሳዩ የፌዴራል ደንብ ወጥቷል። መደበቁ ቀረ እንጂ ክፍያው አልቀረም። ሒልተንና ሃያት ሙሉ በሙሉ በነጥብ ለሚያድር እንግዳ ይህን ክፍያ ይተዉለታል፤ የማይተዉም አሉ። እና አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በዚያ ላይ መያዣ የሚባል አለ። በሌሊት 50 ዶላር ካርድ ላይ ይታገዳል። ገንዘቡ ይመለሳል፣ ግን ቀናት ይፈጃል። የባንክ ደብተራችሁ ላይ ያለችው 200 ዶላር ብቻ ከሆነችና ከዚያችው የሚቆርጥ ዴቢት ካርድ ከሰጣችሁ፣ ነፃ ሆቴል ውስጥ ተኝታችሁ ጦማችሁን ታድራላችሁ!

*አልጋ አንጣፊዋ እናቴ*

እናቴን ለምን ወሰድኳት? አዲስ አበባ ውስጥ አውቶቡስ ተራ አካባቢ በነበረ ሆቴል አልጋ አንጣፊ ሆና 19 ዓመት ሠርታለች። የስንቱን አንሶላ ያጠበች ሴት፣ በዕድሜዋ አንድም ቀን ሆቴል አድራ አታውቅም። እኔን በዚያ ደሞዝ ነው ያስተማረችኝ። ነጥቡ ሲጠራቀም ያሰብኩት ሌላ ሰው አልነበረም።

ክፍሉ 26ኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠባብ! ሁለት አልጋ ገብቶ መላወሻ የለም። መስኮቱ የጎረቤት ፎቅ ግድግዳ ያሳያል። እናቴ መስኮቱንም ቴሌቪዥኑንም አላየችም። ቀጥ ብላ ሄዳ የአንሶላውን ጥግ ገለጥ አድርጋ አጣጠፉን አየችና «ጎበዝ ናት» አለች።

«ማን?»

«ያነጠፈችው ናታ!»

ጠዋት ስነሳ አልጋዋን አንጥፋ፣ ፎጣውን አጣጥፋ ጨርሳለች። «እማዬ ተዪው እንጂ፤ እዚህ እኮ እንግዳ ነሽ፣ ተከፍሎበታል» አልኳት።

«ማን ከፈለው?»

«ነጥቡ።»

«ነጥብ ወገቡን አያመውም፤ እሷን ግን ያማታል» ብላ ትራሱን መታ መታ አደረገችው።

ምን እመልሳለሁ? ዝም አልኩ። እውነቷን ነው። እኔ ነጥብ ስሰጥ ሆቴሉ በራሱ መንገድ ይካካሳል፤ አልጋ አንጣፊዋ ጋ የሚደርስ ነጥብ ግን የለም። ስለዚህ በየቀኑ ስንወጣ ትራሱ ላይ 5 ዶላር እናስቀምጥ ነበር። በሁለተኛው ቀን ልጅቷን ኮሪደር ላይ አገኘናት። በቋንቋ አይግባቡም፤ እናቴ የልጅቷን ወገብ፣ ከዚያም የራሷን ወገብ አሳየቻት። ልጅቷ ገባትና ሳቀች። ሁለቱም ሳቁ። ለእኔ የሦስቱ ቀን ዋጋ እዚያች ላይ ነው የተመለሰው። በነጥብ የምታድሩ ሁሉ ጉርሻዋን አትርሱ!

*ኪስ የማይነካ ኒውዮርክ*

የሆቴሉ ቁርስ ለሁለት ሰው 70 ዶላር ገደማ ነው። ክፍሉ ውስጥ ውኃ ማፍያ እንኳ የለም። በአሜሪካ ሆቴል ሻይ ማፍላት የለመደ ሰው ማፍያውን ከቤቱ ይዞ ይምጣ። እኛ ከመንገድ ዳር ጋሪ ላይ ቡናና ዳቦ ገዝተን፣ እናቴ ከያዘችው ዳቦ ቆሎ ጋር ቁርሳችንን ጨረስን።

ለመዘዋወሪያ የምድር ባቡሩ ነው። ያኔ አንድ ጉዞ 2 ዶላር ከ90 ነበር፤ በጃንዋሪ 2026 ደግሞ 3 ዶላር ገብቷል። ወደ ስታተን ደሴት የሚሄደው ትልቁ ጀልባ ግን ለእግረኛ ነፃ ነው። 25 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፣ የነፃነት ሐውልትንም ከሩቅ ያሳያል። ለቲኬት አትሰለፉ፤ ቲኬትም የለው!

ከጀልባው ወርዳችሁ በብሮድዌይ ሽቅብ ስትራመዱ መሬት መሬቱን እዩ። ከተማዋ በወረቀት ብጥስጣሽ ዝናብ የተቀበለቻቸው ሰዎች ስም በእግረኛ መንገዱ ድንጋይ ላይ ተጽፏል። ከ200 በላይ ነው። ከነዚያ መካከል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም አለ። በ1954 እና በ1963 ሁለት ጊዜ እዚያው ጎዳና ላይ ሰልፍ ተደርጎላቸዋል። እናቴ እግሯን ሰብሰብ አድርጋ «ስም ይረገጣል እንዴ?» አለችና ዞራ አለፈች።

በማግስቱ ሐርለም ወጣን። ከታይምስ ስኩዌር በቀይዋ መስመር፣ በ2 ወይም በ3 ቁጥር ባቡር 135ኛ መንገድ ትወርዳላችሁ። 138ኛው መንገድ ላይ አቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አለ። የተመሠረተው በ1808 ነው። ስሙ ከአገራችን የድሮ ስም የመጣ ነው፤ ጃንሆይም በ1954 ጎብኝተውታል። «የጴንጤ ነው?» አለች እናቴ። «አዎ።» ትንሽ አሰበችና «ስሙ ግን የኛ ነው» ብላ ከውጭ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ከዚያው ሳንርቅ፣ ሌኖክስ ጎዳና ላይ፣ ኢትዮጵያ ተወልዶ ስዊድን ያደገው ሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰን በ2010 የከፈተው ሬድ ሩስተር ምግብ ቤት አለ። ማታ ማታ ደግሞ በሮክፌለር ማዕከል የቆመው ግዙፉ የገና ዛፍ ነው። እሱን ለማየትም የሚጠይቃችሁ ሰው የለም።

*ወጣቶች ሆይ፣ እዚህ ጋ ቆም በሉ!*

አሁን ስለ አንድ የማውቀው ልጅ ላውጋችሁ። ታክሲ ነጂ ነው። «በሦስት ወር ውስጥ 3,000 ዶላር ካጠፋህ 60,000 ነጥብ» የሚል ክሬዲት ካርድ አወጣ። ነጥቡን ለማግኘት የማያስፈልገውን ቴሌቪዥን፣ የማያስፈልገውን ጫማ ገዛ። ነጥቡን አገኘ። ሆቴል ገብቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ እኛንም አስቀናን። ዕዳውን ግን መክፈል አልቻለም። ወለዱ በዓመት 24 ከመቶ ነው። 3,000 ዶላር ሳይነካ ከተቀመጠ በወር 60 ዶላር ወለድ ብቻ ይበላል፤ በዓመት 720! የነጥቡ ዋጋ ደግሞ ቢበዛ 400 ዶላር ቢያወጣ ነው። ያቺ በወር የምትበላው 60 ዶላር ለእህቱ የትምህርት ቤት ክፍያ ይልካት የነበረችው ናት። እህቱ አንድ መንፈቅ ከትምህርት ቀረች። የእሱ ሆቴል ነፃ አልነበረም፤ ከፋዩ ሌላ ሰው ነበር እንጂ።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው፦

አንደኛ፣ አባልነት በነፃ ነው። መሥሪያ ቤታችሁ ለስብሰባ ወይም ለሥልጠና የሚልካችሁ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ተመዝገቡ፤ ስማችሁም ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው ይሁን። ናይሮቢና ዱባይ ያደራችሁበትም ይቆጠራል። አዲስ አበባም መስቀል አደባባይ ያለው ሃያትን የመሰሉ በዚሁ ሥርዓት የሚሠሩ ሆቴሎች አሉ።

ሁለተኛ፣ ክፍሉ በሆቴሉ በራሱ በኩል ይያዝ። በደላላ ድርጅት በኩል ከተያዘ አብዛኛውን ጊዜ ነጥብ የለም።

ሦስተኛ፣ ነጥብ ቤት አይደለም፣ አትቆልሉት። በማሪዮት፣ በሒልተንና በሃያት 24 ወር ሙሉ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ይቃጠላል። የክፍሉም የነጥብ ዋጋ ዛሬ 40,000 ሆኖ ነገ ሊያሻቅብ ይችላል።

አራተኛ፣ በቴሌግራም «ባለአምስት ኮከብ በግማሽ ዋጋ» ብሎ በነጥብ የተያዘ ክፍል ከሚሸጥላችሁ ሽሹ። ነጥብ መሸጥ በሆቴሎቹ ደንብ የተከለከለ ነው። የሚሸጠውም የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። በሌሊት ሻንጣችሁን ይዛችሁ ደጅ ብትቆሙ የሚያዝንላችሁ የለም።

አምስተኛውና ዋናው፣ የካርዱን ሒሳብ በየወሩ ሙሉ በሙሉ መክፈል የማይችል ሰው ነጥብ አያሳድድ። በቃ!

እኛ ሁለታችን ለሦስቱ ቀን ከአውቶቡስ እስከ ዳቦ፣ ከአገልግሎት ክፍያ እስከ ጉርሻ 410 ዶላር አወጣን። ነጥቡ ባይኖር ክፍሉ ብቻ 1,167 ዶላር ነበር፤ እኔም በፍጹም አላደርገውም ነበር። የነጥብ ትክክለኛ ቦታው ይሄ ይመስለኛል፦ በገንዘብ ቢሆን የማታደርጉትን፣ ለሚገባው ሰው ማድረግ። እናንተም ነጥባችሁ ሲሞላ «የት ልደር?» ከማለታችሁ በፊት «ማንን ላሳድር?» በሉ። የዚያን ጊዜ ሰማንያው ሌሊት አይቆጫችሁም።

መልካም ጉዞ!