ከሕፃናት ጋራ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር

አንድ ሕፃን ሁለት ዓመት ከሞላው ጀምሮ ስድስተኛ ዓመቱን እስኪደፍን ድረስ የሚያገኛቸው እሑዶች ቢቈጠሩ 208 ያህል ናቸው። ከነዚህም ውስጥ ለሥራ ጕዳይ፥ ለለቅሶ፥ ለሠርግና ለማኅበር የሚውሉት ሲቀነሱ፥ አባትና እናት በሙሉ ልብ ከልጃቸው ጋራ የሚውሉባቸው ቀኖች እጅግ ጥቂት ሆነው ይገኛሉ። የመንግሥት ሥራ የተጫነው ሰው ልጁን ለሞግዚት ትቶ ጧት ይወጣል፤ ማታ ሲመለስም ልጁን ተኝቶ ያገኘዋል። ይህ ከክፋት የሚመጣ አይደለም፤ ዳሩ ግን ያ ዕድሜ ካለፈ በኋላ በገንዘብ ሊመለስ አይችልም። ስለዚህ ለነዚህ ጥቂት ቀኖች የሚስማማ ስፍራ ለሚፈልጉ ወላጆች ስለ ሐዋሳ ከተማ ጥቂት ነገር ልንጽፍ ወደድን።

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በሐይቅ ዳር የተቈረቈረች የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። የተመሠረተችውም በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል አየርዋ ለሕፃናት የሚስማማ ሲሆን፥ መንገዶችዋም ሰፋፊና ሜዳማ ስለ ሆኑ ገና መራመድ ለጀመረ እግር አይከብዱም። መንገዱ ረዥም ነውና ትንሽ ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው በአንድ ትንፋሽ ልድረስ ማለት አይገባውም። በዝዋይና በላንጋኖ አካባቢ መኪናውን አቁሞ፥ ልጁን አውርዶ፥ ጥቂት እንዲሮጥ ቢያደርገው የቀረውን መንገድ ያለ ልቅሶ ይጨርሰዋል።

ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ሆኖም የሚወጣ ወንዝ የለውም። እንዲህ ያለ ሐይቅ አብዛኛውን ጊዜ ጨው ይሆናል፤ የሐዋሳው ግን በመሬት ውስጥ እየሰረገ ስለሚወጣ ጨዋማ አይደለም። በዚህም ምክንያት ዓሣው ብዙ ነው፤ ዓሣው ብዙ በመሆኑም ወፉ ብዙ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ልጅን ይዞ መሄድ የሚገባው አሞራ ገደል ወደሚባለው ስፍራ ነው፤ ይኸውም ፀሐይ ሳይበረታ ጧት በ1 ወይም በ2 ሰዓት ሊሆን ይገባል። ዓሣ አጥማጆች በሐይቁ ላይ የዘረጉትን መረብ ሰብስበው በታንኳ ይመለሳሉ። ቆሮሶውንና አምባዛውን አውርደው ሲያጸዱ፥ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ የሚጣለውን ለመልቀም ከቧቸው ይቆማል። ይህን ስም ያገኘውም ከአንገቱ ሥር እንደ ኮዳ የተንጠለጠለ ከረጢት ስላለው ነው። ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ሊደርስ ስለሚችል፥ የሦስት ዓመት ልጅ ከራሱ የሚረዝም ወፍ ሲያይ የሚሰማውን መደነቅ ከፊቱ ላይ ማንበብ ይቻላል። ወፉ እንደሌሎቹ ወፎች አይዘምርም፤ ምንቃሩን ግን ያንቋቋል። አባት በዚህ ጊዜ ብዙ መናገር አያሻውም፤ በልጁ ቁመት ቁጭ ብሎ አብሮት ቢያይ ልጁ ራሱ ይጠይቃል። ነገር ግን ምንቃሩ ብርቱ ስለ ሆነ ልጁን እጅግ ማስጠጋት አይገባም።

በዚያው በሐይቁ ዳር ባሉት ዛፎች ላይ ጉሬዛና ጦጣ ይገኛሉ። የሁለቱን ጠባይ ማነጻጸር ለሕፃናት ደስ የሚያሰኝ ጨዋታ ነው። ጉሬዛ ቅጠል በሊታ ስለ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከዛፉ ላይ ረጋ ብሎ ይቀመጣል፤ ጦጣ ግን ወርዳ የልጅን ሙዝ ከእጁ ትነጥቃለች። የጉሬዛ ግልገል ሲወለድ መላ አካሉ ነጭ ነው፤ ጥቁርና ነጭ የሚሆነው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። እንግዲህ ልጁን «ነጩን ሕፃን ከእናቱ እቅፍ ውስጥ ፈልግ» ቢሉት ረዥም ጊዜ ሳይሰለች ሲፈልግ ይቈያል። ለጦጣ ምግብ መስጠት ግን ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋም ስለ ሆነ፥ ልጁ ምግቡን ከዚያ ራቅ ብሎ ቢበላ ይሻላል።

በጀልባ መሄድ ለሚፈልጉም ሐይቁ ጸጥ የሚለው ጧት ነው። ጥቁር ውኃ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አጠገብ በደንገሉ መካከል ጉማሬ ይታያል። በዚያም አገር ረዣዥም ጣቶች ያሏት ትንሽ ወፍ በውኃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ላይ ሳትሰጥም ስትራመድ፥ ሌላዋ ደግሞ በአየር ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ድንገት እንደ ድንጋይ ወርዳ ዓሣ ይዛ ስትነሣ ይታያል። ለልጁ በልኩ የተሠራ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ከሌለ ግን ጀልባውን ትቶ ከዳር ሆኖ ማየት የሚሻል ነው። ጉማሬም ከሩቅ የሚታይ እንጂ የሚጠጉት አውሬ አይደለም።

ስለ ውኃው ራሱ አንድ ነገር በብርቱ ልናሳስብ እንወዳለን። ሕፃን ውኃ ሲያይ እግሩን ሊነክር ይፈልጋል፤ ወላጅም ደስ ይበለው ብሎ ይፈቅድለታል። ነገር ግን በሐይቁ ዳር የቢልሃርዝያ በሽታ መኖሩን የሕክምና ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። የበሽታው ተባይ በውኃው ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በሰው ቆዳ ዘልቆ የሚገባ ስለ ሆነ፥ ሕፃኑ ሳይታወቅበት ይዞት ይመለሳል። ስለዚህ ልጁ በሐይቁ ዳር ይጫወት እንጂ በሐይቁ ውስጥ አይግባ። በውኃ መጫወት ካማረው ንጹሕ ውኃ በገበቴ ተቀድቶ፥ ቅጠልና ቍራጭ እንጨት እንደ ታንኳ እየተንሳፈፈለት ቢሰጠው ደስታው ያው ነው። ማታም የወባ ትንኝ ስላለ ያለ አጎበር ማስተኛት አይገባም። ዓሣ ሲበላም በሚገባ የበሰለውን፥ አጥንቱን እናት በእጅዋ እየዳሰሰች የለቀመችለትን ብቻ ይብላ።

ብዙ ጊዜ የሚታየው ነገር ግን ሌላ ነው። ወላጆች ከሐይቁ ዳር ደርሰው፥ በጥላው ሥር ተቀምጠው፥ ዓሣ አዘው ከወዳጆቻቸው ጋራ ሲጨዋወቱ፥ ልጁ ዝም እንዲል ስልክ ይሰጡታል። ልጁም ይህን ሁሉ መንገድ መጥቶ ከቤቱ ያየውን ሥዕል መልሶ ያያል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናት በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ ሰውነታቸውን እያንቀሳቀሱ መዋል እንደሚገባቸው፥ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉትም በስልክና በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ከ1 ሰዓት በላይ እንዳይቈዩ፥ ከዚህም ቢያንስ የተሻለ መሆኑን አስታውቋል። 180 ደቂቃ ማለት 3 ሰዓት ነው። ይህን በአዲስ አበባ ፎቅ ቤት ውስጥ መፈጸም ያስቸግር ይሆናል፤ በሐዋሳ ግን ልጁ ሳያውቀው ይፈጸማል።

ቀትሩ ሞቃት ስለ ሆነ ልጁ በዚያን ጊዜ ይተኛ፤ ከ10 ሰዓት በኋላም ወደ ፍቅር ሐይቅ መውጣት ይቻላል። እስከዚያ በባጃጅ መሄድ፥ አውቶሞቢል ላለው ሰው ልጅ በተለይ ታላቅ ደስታ ነው፤ ነፋሱ ፊቱን ሲመታውና ባጃጁ ሲንገጫገጭ ይስቃል። ከዚያ ደርሶም አባቶቻችንና እናቶቻችን ያጫወቱንን ጨዋታ ማምጣት ነው። በዛፉ ግንድ ዙሪያ ድብብቆሽ፥ በጠጠርና በቅጠል ዕቃ ዕቃ፥ ሲደክመውም በጭን ላይ አስቀምጦ እንቆቅልሽና ተረት ምንም ወጪ የለባቸውም። ድብብቆሽ ሲጫወት ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ የተሸሸገ ይመስለዋል፤ አባትም ያላየው መስሎ ደጋግሞ ቢፈልገው የልጁ ሳቅ የሳምንቱን ድካም ያስረሳዋል። ብቻ አንድ ሰው ዘወትር በልጁና በውኃው መካከል መቆም አለበት፤ ይህም ሥራ ለሌላ ታናሽ ልጅ የሚሰጥ አይደለም።

የአገሩ ሰዎችም ለሕፃናት ቦታ መስጠትን ከጥንት ያውቁታል። የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጫምባላላ በሐይቁ አጠገብ ባለው በጉዱማሌ አደባባይ ይከበራል። ቀኑን የሚወስኑት የከዋክብትን አካሄድ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ናቸው። በዚህ በዓል ልጆች እየዘመሩ ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ ታላላቆችን ሰላም ይላሉ፤ ከእንሰት፥ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራው ቡርሳሜም ከጎረቤት ጋራ ይበላል። ዩኔስኮ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ይህን በዓል በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ጽፎታል። በበዓሉም ሽማግሌዎች ሕዝቡን ሥራ እንዲወድ፥ ታላቆችን እንዲያከብር፥ የአገሩንም ዛፍ እንዳይቈርጥ ይመክራሉ። በዓሉ ከሚውልበት ቀን ጋራ ጕዞውን ለማስማማት የሚችል ወላጅ ልጁን በትከሻው ተሸክሞ ቢያሳየው መልካም ነው።

እንግዲህ ወደ ሐዋሳ ለመሄድ ያሰበ አባት ብዙ ዕቃ መግዛት አያስፈልገውም። ባርኔጣ፥ የሚጠጣ ውኃ፥ ቅያሪ ልብስና ትዕግሥት ይበቁታል። ከሁለቱ ቀን አንዱን እንኳ ስልኩን ዘግቶ፥ የሥራውን ወረቀት ከቤቱ ትቶ፥ እርምጃውን እንደ ልጁ እርምጃ ቢያሳጥር፥ ከ208ቱ እሑዶች አንዱን በሚገባ አሳልፏል ማለት ነው።