ስለ አንዲት ትንሽ ባትሪ

በኮልፌ፥ ከአጠና ተራ እልፍ ብሎ በሚገኘው ሰፈር የምንኖር ሰዎች፥ መብራት በጠፋ ቁጥር የምንፈጽመው ሥርዓት አለን። ሕፃናቱ «ጠፋ!» ብለው በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ፤ ታላላቆቹ ወደ ደጅ ብቅ ብለው የጎረቤቱም ቤት ጨልሞ እንደ ሆነ ይመለከታሉ። ጨልሞ ከሆነ ልባቸው ያርፋል፤ በርቶ ከሆነ ግን ቆጣሪያቸውን ለመመርመር ይሮጣሉ። ሰው ከጎረቤቱ ጋር የመጣበትን ችግር ለብቻው ከመጣበት ይልቅ በቀላሉ እንደሚሸከመው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አናውቅም። ከዚያ በኋላ ሻማው ይፈለጋል፤ እንጀራ በመጋገር ላይ የነበረችውም የቤት እመቤት አክንባሎዋን አንሥታ ግማሹ በስሎ ግማሹ ሊጥ ሆኖ የቀረውን እንጀራ እያየች ታዝናለች።

ይህ ሁሉ የቆየ ነገር ነው። በቅርብ ዓመታት የተጨመረው ግን «ዋይፋዩም ጠፋ» የሚለው የወጣቶቹ እሮሮ ነው። ገና መብራት ያልገባለት ብዙ ሚሊዮን ወገን ባለበት አገር ይህን ማንሣት ቅንጦት ነው የሚሉን አሉ። አነጋገራቸውን አንንቅም። ነገር ግን በግቢያችን ውስጥ አንድ የኢንተርኔት መስመር ለአራት ቤት ተከፋፍለን የምንጠቀም ስለ ሆንን፥ መስመሩ ሲቋረጥ በእያንዳንዱ ቤት የሚቋረጠውን እናውቃለን። በአንደኛው ቤት በውጭ አገር ላሉ ሰዎች ጽሑፍ እየተረጐመ የሚተዳደር ወጣት አለ፤ የቀጠሮው ሰዓት ካለፈ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጥበታል። በሁለተኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለች። በሦስተኛው እኛ አለን። በአራተኛው ቤት ደግሞ ሁላችንም «እማማ» እያልን የምንጠራቸው ባልቴት አሉ፤ አንዲት ልጃቸው በቤይሩት ከተማ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። እናትና ልጅ የሚገናኙት በኢሞ ነው። እማማ ስለ ኢንተርኔት አሠራር አንዳች አያውቁም፤ ነገር ግን በራውተሩ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ስትጠፋ ከሁላችን ቀድመው የሚደነግጡት እርሳቸው ናቸው።

እዚህ ላይ አንባቢ፥ «የቀድሞው የቤት ስልክ መብራት ሲጠፋ መች ይጠፋ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። እማማም ይህንኑ ጠይቀውናል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አገራችን የገባው ስልክ ከጊዜ በኋላ በየቤቱ በተዘረጋ ጊዜ፥ የቤቱ ስልክ የሚሠራበትን ኃይል የሚያገኘው ከቤቱ ሶኬት አልነበረም፤ ድምፅ በሚያመላልሰው በዚያው የመዳብ ሽቦ ከስልክ ማዞሪያው ጣቢያ ይላክለት ነበረ። በጣቢያው ውስጥ 48 ቮልት የሚሰጡ ትላልቅ ባትሪዎች በረድፍ ተደርድረው ይኖራሉ፤ ከተማው ቢጨልም እንኳ እነዚህ ባትሪዎች፥ ከእነርሱም በኋላ ጄኔሬተሩ፥ መስመሩን ያቆዩታል። ስለዚህ የቤቱ ባለቤት ሳያውቀው ሌላ ሰው ባትሪ ይጠብቅለት ነበረ ማለት ነው። ዛሬ በብዙ ሰፈር የሚዘረጋው ፋይበር ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ መስተዋት ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል እንጂ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ብርሃኑን ተቀብላ ወደ ቃልና ወደ ሥዕል የምትለውጠው ሣጥንና ከእርሷ ጋር የተያያዘው ራውተር ኃይላቸውን ከእኛው ሶኬት መጠጣት ግዴታቸው ሆነ። ባትሪ የመጠበቁም ሥራ ከጣቢያው ወጥቶ ወደ ቤታችን መጣ፤ ሲመጣ ግን ማንም አልነገረንም።

አገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል የማመንጨቱን ሥራ ቸል ብላ አታውቅም። የቆቃ ግድብ ኢጣሊያ በከፈለችው የጦር ካሣ በአዋሽ ወንዝ ላይ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 43 ሜጋዋት ያህል ይሰጥ ነበረ፤ በዚያን ጊዜም ይህ ትልቅ ነገር ነበረ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ለሚያስተውል ሰው ደስ ይለዋል። ይሁን እንጂ ውኃም ያንሳል፤ በግንቦት 2011 ዓ.ም. በግልገል ጊቤ 3 ግድብ የተጠራቀመው ውኃ በመቀነሱ መብራት በመላው አገሪቱ በፈረቃ እንደ ታደለ የምናስታውሰው ነው። ውኃው በሚበቃበትም ዘመን ቢሆን ከግድቡ እስከ ምጣዳችን ድረስ ያለው መንገድ ረጅም ነው። በዚህ መንገድ ላይ ትራንስፎርመር አለ፤ በክረምት የሚረጥብ ግንኙነት አለ፤ ነፋስ የሚያወዛውዘው ቅርንጫፍ አለ፤ ዕድሜው የገፋ የባሕር ዛፍ ምሰሶ አለ። አጠና ሲሸጥበት የኖረ ሰፈር ሰው እንጨት ምን ያህል እንደሚቆም አይጠፋውም።

ስለዚህ ከሁለት ዓመት በላይ ሆኗል፥ አራቱም ቤት አዋጥተን ከመርካቶ አንዲት ትንሽ ባትሪ አስገዛን። ነጋዴዎቹ «ሚኒ ዩፒኤስ» ይሏታል። መጠኗ ከአንድ የጸሎት መጽሐፍ አይበልጥም። መብራት ሲኖር ትሞላለች፥ ራውተሩንም በራሷ በኩል ታበላለች፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ አረንጓዴዋ መብራት እንኳ ሳትጠቅስ የያዘችውን መስጠት ትጀምራለች። በሆዷ ያለው የሊቲየም ባትሪ ነው። ይህ ዓይነቱ ባትሪ በ1991 እ.ኤ.አ. በሶኒ ኩባንያ ለገበያ የቀረበ ሲሆን፥ ለመፈጠሩ የደከሙት ሦስት ሊቃውንት፥ ጉዲናፍ፥ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ፥ በ2019 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። አባቶቻችን በየሬዲዮናቸው ይጨምሩት የነበረው የባትሪ ድንጋይ አንድ ጊዜ ካለቀ ይጣል ነበረ፤ ይህኛው ግን መቶ ጊዜ፥ ብዙ መቶ ጊዜም ይሞላል።

ገዢ የሚታለልበት ነገር ስላለ በዚህ ላይ ጥቂት እንቆያለን። በሣጥኗ ላይ «10,400 ሚሊአምፔር ሰዓት» ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። ነጋዴው ይህን ቁጥር በጣቱ እየጠቆመ ቀኑን ሙሉ ትሠራለች ይላል። ነገር ግን ቁጥሩ የተለካው በውስጥ ባለው ባትሪ በ3.7 ቮልት ነው እንጂ ራውተሩ በሚፈልገው በ12 ቮልት አይደለም። 10.4ን በ3.7 ያባዛ ሰው 38 ዋት ሰዓት ተኩል ያህል ያገኛል፤ እውነተኛው ሀብቷ ይህ ነው። የእኛ ራውተርና የፋይበሩ ሣጥን አንድ ላይ 11 ዋት ያህል ይበላሉ። ቮልቱን ከፍ በማድረግ የሚባክነው ሲቀነስ ሦስት ሰዓት ያህል ይቀራል። ሦስት ሰዓት ደግሞ ለአንድ ምሽት ጥቂት አይደለም። ለንጽጽር ያህል፥ 3,500 ዋት የሚበላ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይህንኑ ኃይል ሁሉ በአርባ ሰኮንድ ውስጥ ይጨርሰዋል፤ አንዲት እንጀራ እንኳ አይበስልበትም። ኢንተርኔት ይህን ያህል ጥቂት በላተኛ መሆኑን ባወቅን ጊዜ ተገርመናል።

አንዳንድ ጎረቤቶቻችን ለኮምፒዩተር የሚሆነውን ትልቁን ዩፒኤስ ይመርጣሉ። ይሠራል፤ ግን የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ከፍ አድርጎ ያወጣና፥ የራውተሩ ቻርጀር ደግሞ ያንኑ መልሶ ወደ 12 ያወርደዋል። ይህ ከኮልፌ ወደ መርካቶ ለመሄድ በደብረ ዘይት እንደ መዞር ነው። በዚያ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲያፏጭ ያድራል። ትንሿን የሚገዛ ሰው ግን መሣሪያው የሚፈልገውን ቮልት ከቻርጀሩ ላይ አንብቦ፥ መሰኪያው በልኩ መግባቱንና ፖዘቲቩ ኔጋቲቩም አለመዘዋወሩን አይቶ ይግዛ። 9 ቮልት ለሚፈልግ ራውተር 12 መስጠት መግደል ነው። ባትሪዋንም በጨርቅ መሸፈን፥ ከምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ፥ ሆዷም ካበጠ «ትንሽ ታገለግላለች» እያሉ ማቆየት እሳት መጥራት ነው።

መስከረም 17 ቀን 2017 ዓ.ም. የመስቀል በዓል ነበረ። በዚያው ዕለት ከምሽቱ 12 ሰዓት እንዳለፈ በቤይሩት ደቡባዊ ሰፈር ላይ ከባድ የአየር ድብደባ ደረሰ። ወሬው ወደ እኛ ሲደርስ መብራት ከጠፋ ጥቂት ደቂቃ ሆኖት ነበር፤ ሰዓቱም አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። እማማ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ራውተሩ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር በርጩማ አስመጥተው ተቀመጡ። በሞባይል መስመር እንዳንሞክር ሰው ሁሉ በጨለማው ወደዚያው ስለ ዞረ ተጨናንቆ አልገባልንም። በባትሪዋ ላይ አራት ትንንሽ መብራቶች አሉ፤ የቀረውን ኃይል የሚያሳዩ ናቸው። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሁለቱ ጠፍተው ነበር። ተማሪዋ ከእማማ ስልክ በቀር የሌላውን ሁሉ ስልክ ከዋይፋዩ ለቀቀች፤ ይህ ኃይል የሚያተርፈው እጅግ ጥቂት መሆኑን ብናውቅም አልከለከልናትም። ማንም ወደ ቤቱ አልገባም። ቡናው ተፈልቶ ሁለት ጊዜ ቀዘቀዘ። «እናቴ፥ ትንሽ ጋደም ይበሉ፤ ስትደውል እንቀሰቅስዎታለን» ብንላቸው «እናንተ ተኙ» አሉን እንጂ ዓይናቸውን ከዚያች አረንጓዴ መብራት አላነሡም።

አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኩ ጮኸ። ልጅቱ ከሥራ ቤቷ ወጥታ ከሌሎች ኢትዮጵያውያት ጋር በባሕሩ ዳር ተቀምጣ ነበረች። «እማዬ፥ አለሁ» ከሚለው በቀር የመጀመሪያውን ነገር ማንኛችንም አልሰማንም፤ ምክንያቱም እማማ እልል ማለት ጀምረው እልልታው ወደ ልቅሶ ተለወጠባቸው። አሥራ አንድ ደቂቃ ተነጋገሩ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የመጨረሻዋ መብራት መጥቀስ ጀመረች፤ ጥቂት ቆይታም ጠፋች። መብራቱ የመጣው በማግሥቱ ጧት ነው።

ባትሪዋ ሁሉን ትችላለች ብለን ግን አንሰብክም። ፋይበር በገባበት ቤት ከጣቢያው እስከ ቤት ድረስ በመንገዱ ላይ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ነገር ላይኖር ስለሚችል የቤቱ ባትሪ ይበቃል። በመዳብ ሽቦ በሚመጣው መስመር ግን ብዙ ጊዜ በየመንገዱ ዳር የቆመ ሣጥን አለ፤ ሣጥኑም የራሱ ባትሪ አለው፤ የእርሱ ባትሪ ካለቀ የእኛ ሙሉ ቢሆን ምንም አይጠቅምም። የሞባይል ምሰሶዎችም እንዲሁ ናቸው። በዚህ ምክንያት የላይኛው መንደር ወዳጆቻችን የእኛኑ ዓይነት ገዝተው እንደ እኛ ሳይጠቀሙ ቀርተዋል፤ ከመግዛታቸው በፊት መስመራቸው የትኛው እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባቸው ነበር።

ከዚያ መስከረም ወዲህ በግቢያችን ደንብ ወጥቷል። መብራት በጠፋ ጊዜ ፊልም ማየት ክልክል ነው፤ በመጀመሪያ የእማማ ስልክ፥ ቀጥሎ የተርጓሚው ሥራ፥ ከዚያ የተማሪዋ ትምህርት ይቀድማል። ኳስ በሚኖርበት ምሽት ደንቡ እንደሚጣስ እናውቃለን፤ እማማም ያውቃሉ። ልጃቸው እስከ ዛሬ በቤይሩት ትሠራለች፤ በየእሑዱ ማታ ትደውላለች። ባለፈው ወር ከአራቱ መብራቶች አንደኛዋ ከመሙላት ስለ ሰነፈች ለሁለተኛ ባትሪ መዋጮ ጀምረናል፤ የመጀመሪያውን ድርሻ ከመቀነታቸው ፈትተው የሰጡን እማማ ናቸው።