«ልጁ ስንተኛ ወጣ?»

ለዛሬ የፍቅሩንና የትዳሩን ጨዋታ እናቆየውና ስለ አንዲት ወረቀት ላውጋችሁ። የፍቅር ደብዳቤ አይደለችም፤ የዲቪም አይደለችም። ከፓቶሎጂ ክፍል የምትወጣ የምርመራ ውጤት ናት። «ገና ያልወለድነውን ምን አገባን?» እንዳትሉኝ። የእህት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ የሌለው ማን አለ? እኔንም እዚህ ጉዳይ ውስጥ የከተተኝ የጎረቤት ልጅ ነው።

ልጁ ሦስት ዓመቱ ነው። እዚሁ ሐዋሳ፣ አንድ ግቢ ነው የምንኖረው። እናቱ ገላውን ስታጥበው በግራ ጎኑ በኩል ጠጠር ያለ ነገር እጇ ላይ መጣ። ልጁ እንደሆነ አያመው፣ አያለቅስ፣ ሲሮጥ ነው የሚውለው! ግቢው ወዲያው ሐኪም ቤት ሆነ። አንዷ «ወስፋት ነው» አለች፤ ሌላዋ «ወጌሻ ይሽለት» አለች። እናት ግን እንቢ ብላ ሆስፒታል ወሰደችው። ጎበዝ! ለምን ጎበዝ እንዳልኳት ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ሐኪሞቹ «ዊልምስ የሚባል የኩላሊት ዕጢ ነው» አሉ። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1899 ስለ በሽታው መጽሐፍ ካሳተመው ጀርመናዊ ሐኪም ከማክስ ዊልምስ የመጣ ነው። ሕፃናትን ከሚይዙ የኩላሊት ካንሰሮች ዋነኛው ይኸው ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ያልሞላቸውን ያጠቃል። «ካንሰር» የሚለው ቃል ሲሰማ ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። ልጁ ለጥቂት ሳምንታት ዕጢውን የሚቀንስ መድኃኒት ተሰጠውና ኩላሊቱ ከነዕጢው በቀዶ ሕክምና ወጣ። አትደንግጡ፣ ሰው በአንድ ኩላሊት ይኖራል።

የወጣውን ለምርመራ ያደረስነው አባትየውና እኔ ነን። ፎርማሊን ውስጥ ተነክሮ፣ ተከድኖ፣ በጥቁር ፌስታል። የባጃጁ ሾፌር በመስታወት እያየን «የገጠር ማር ነው እንዴ?» አይለን መሰላችሁ! አባትየው መልስ አልሰጠም። ፌስታሉን ደረቱ ላይ ጥብቅ አድርጎ ያዘ።

ታዲያ እዚያ ምን ይሠራሉ? ባለሙያው ለአባትየው ሲያስረዳ ሰማሁ። መጀመሪያ የኩላሊቱን ላይ በቀለም ይቀቡታል። ከዚያ ቆራርጠው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ካንሰሩ ቀለሙ ጋ ደርሶ ከሆነ፣ ሐኪሙ ከቆረጠበት ወዲያ ተርፏል ማለት ነው። የሚመልሱትም ሁለት ጥያቄ ነው።

አንደኛው «ምን ዓይነት ነው?» ዊልምስ ልጁ ማህፀን ሳለ ኩላሊት መሆን ሲገባው ሳይበስል ከቀረ ሕዋስ የሚነሳ ነው። ከ10 ልጆች በ9ኙ ገደማ የሚገኘው መድኃኒት የሚሰማው ዓይነት ነው። በቀሩት የሕዋሱ እምብርት ያለቅጥ አብጦና ተዛብቶ ይታያል፤ ይሄ ጠንከር ያለ ሕክምና ይፈልጋል። እንደኛ ልጅ መድኃኒት ቀድሞ የተሰጠው ከሆነ፣ ምን ያህሉ ሞተ፣ የተረፈውስ ምን ይመስላል ተብሎ አደጋው ዝቅተኛ፣ መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ይባላል።

ሁለተኛው «የት ደርሷል?» ደረጃ የሚባለው ይሄ ነው።

ደረጃ 1፦ ከኩላሊቱ አልወጣም፤ ሙሉ በሙሉ ተነሥቷል።
ደረጃ 2፦ ከኩላሊቱ ወጣ ብሏል፤ ግን ተሟጥጦ ተነሥቷል።
ደረጃ 3፦ ሆድ ውስጥ የቀረ አለ፣ ንፍፊቶቹ ጋ ደርሷል ወይም ዕጢው ፈንድቷል።
ደረጃ 4፦ ሳንባ፣ ጉበት ወይም ሌላ ሩቅ ቦታ ተሰራጭቷል።
ደረጃ 5፦ ሁለቱም ኩላሊት ላይ አለ።

ልብ በሉ! ደረጃው በዕጢው ትልቅነት አይሰጥም። ጭንቅላት የሚያክል ዕጢ ደረጃ 1 ሊሆን ይችላል። ደረጃ 4 ማለትም «አለቀለት» ማለት አይደለም፤ ዓይነቱ ጥሩ ከሆነ የሚድኑ ብዙ ናቸው።

ውጤቱ የመጣ ቀን አያቱ «ደረጃ» የሚለውን ሰምተው «ታዲያ ስንተኛ ወጣ?» አሉ። «ሁለተኛ» አልናቸው። «ጎሽ! ትንሽ ቢበረታ አንደኛ ነበር» ሲሉ ግቢው ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ።

ሳቁ ግን አልቆየም። ቁስሉ ሲደርቅ ልጁ ኳስ መራገጥ ጀመረ። አባትየው «ልጄ ድኗል! ደግሞ ለምን በመርፌ ፀጉሩን ያረግፉታል? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?» ብሎ ሕክምናው ይቁም አለ። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን የፈረድነው ለሱ ነበር፤ ልጁ እኮ ደህና ነው! እናት ወረቀቷን ከሳጥን አወጣች። «ሁለተኛ ማለት ከቤቱ ወጥቶ ነበር ማለት ነው። በዓይን የማይታይ ብናኝ ቢቀርስ? አንተ ማይክሮስኮፕ ነህ?» አለችው። ዝም አለ። በማግስቱ ጠዋት ልጁን አዝሎ የሄደው እሱ ነው። መድኃኒቱ አሁን ከግማሽ አልፏል፤ ጨርሶ ድኗል ለማለት ግን ገና ነው።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። በሀብታም አገሮች ዊልምስ ከያዛቸው 10 ልጆች 9 ያህሉ ይድናሉ። ድሃ አገር ላይ ቁጥሩ የሚያሽቆለቁለው አርፍዶ በመምጣትና ሕክምናን መሐል ላይ በማቋረጥ ጭምር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 በጀመረው የሕፃናት ካንሰር ዘመቻ ውስጥ ዊልምስን ከስድስቱ ተመራጭ በሽታዎች አንዱ ያደረገው የሚድን ስለሆነ ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይኸውላችሁ። ሕፃን ስታጥቡ ሆዱን እዩ፤ ያበጠ ነገር ወይም ሽንቱ ላይ ደም ካያችሁ ነገ አትበሉ። ወጌሻ አይሽው፤ እናቱን ጎበዝ ያልኳት ለዚህ ነው። ዕጢው ሆድ ውስጥ ከፈነዳ ልጁ በአንዴ ደረጃ 3 ይገባል፤ ያኔ ሦስተኛ መድኃኒትና ጨረር ይጨመርበታል። ውጤቱ ሲመጣ «ዓይነቱ ምንድን ነው? ደረጃውስ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ወረቀቱንም አትጣሉ። ለሕክምና አዲስ አበባ የተላከ ዘመድ ካላችሁ፣ ካንሰር የያዛቸው ሕፃናት ወላጆች ያቋቋሙት «ተስፋ አዲስ» የሚባል ማረፊያ የሚሰጥ ድርጅት እንዳለ ንገሩት።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጁ ኳስ ስለተራገጠ ብቻ መድኃኒት አታስቁሙ። ቸር ሰንብቱ!