ውሻው ከመግባቱ በፊት አስተናጋጇ ትጠየቅ

ይኼኛው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

«ውሾን ያነሳ ውሾ» ተባብለን ብንተወው ደስ ይለኝ ነበር፤ አልተቻለም። እዚህ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ውስጥ፣ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት «ውሻዎን ይዘው መግባት ይችላሉ» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ በሩ ላይ ከለጠፈ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። አንዱ «ነውር ነው፣ ድራሹ ይጥፋ» ይላል። ሌላዋ «ገንዘብ የሚከፍል ይግባ፣ ምን አገባችሁ» ትላለች። አክስቴ ከካናዳ ደውለው፣ ሳቃቸው እያቋረጣቸው፣ «እናንተ እዚያ ሆናችሁ የምትጣሉት ስለ ውሻ ነው?» አሉኝ። አዎ እትዬ፣ ስለ ውሻ ነው። ግን ውሻው ብቻውን አይደለም የገባው።

የሆነውን ልንገራችሁ። እዚያ ቤት የምትሠራ አንዲት እህታችን አለች። ሙስሊም ናት፣ ከሀገራችን ምሥራቅ የመጣች፣ ስሟ ይቆየን። አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ትልቅ ውሻ የያዙ ደንበኞች መጥተው እሷ የምታስተናግደው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ውሻው ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም ወዳጅ ፈላጊ ነበር፤ ችግሩም ይኸው ነው። ሳህን ልታስቀምጥ ስትጎነበስ በእርጥብ አፍንጫው ቀሚሷንም እጇንም አዳረሰው። ብዙ የምሥራቅ ሙስሊሞች በሚከተሉት በሻፊዒ መዝሀብ የውሻ እርጥበት የነካው ነገር ሰባት ጊዜ፣ አንዱን ጊዜ በአፈር፣ ካልታጠበ አይጠራም። የመግሪብ ሶላት ሊደርስ ነው። ልብሷ የነጀሰ፣ ቅያሪ የሌላት፣ ሥራው የተጧጧፈበት ሰዓት። ጓደኛዋን «ያንን ጠረጴዛ ያዢልኝ፣ ያንቺን እኔ እይዛለሁ» አለቻት። ባለቤቷ ሰምታ «ወይ ታስተናግጃለሽ ወይ ቤትሽ ትገቢያለሽ» አለቻት። ልጅቷ ቤቷ ገባች። ሁለት ቀን ከሥራ ቀረች፣ የሁለት ቀን ደመወዟ ተቆረጠ።

ለማን ትክሰስ? አብዛኞቻችን የስደተኛ መታወቂያ እንጂ የሥራ ፈቃድ የለንም። ሕጉ ክላስ ኤም የሚባል ፈቃድ ለስደተኛ ይሰጣል፤ ያገኘውን ሰው ግን እስቲ በጣታችሁ ቁጠሩ። ፈቃድ የሌለው ሠራተኛ ስለ ውሻም ስለ ደመወዝም አይከራከርም። ባለቤቷን ለማነጋገር ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር የሄድኩት ለዚህ ነው። ስለ ውጤቱ ወደኋላ እመጣበታለሁ፤ መጀመሪያ በዚህ ጉዳይ ከሚነገሩት ነገሮች ጋር የማልስማማባቸውን ልናገር።

አንደኛ፣ «ከውሻ አነስን» የሚለው። ስሜቱ ይገባኛል። እኛ ጥሩ ምግብ ቤት ስንገባ ቤተ ክርስቲያን እንደገባች ውሻ ነው የምንሆነው፤ ከዘበኛው እስከ አስተናጋጁ ዓይኑ እኛ ላይ ነው። ከዚያ አንድ ሰው ጸጉሩ የተበጠረ ውሻ በገመድ ይዞ ሲገባ ዘበኛው ፈገግ ብሎ በር ይከፍታል። ያንገበግባል። ወረቀቱም ያው ነው። ከኦገስት 2024 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ቢያንስ 6 ወር የሞላው መሆን አለበት፣ ከቆዳው ሥር ቺፕ ያስፈልገዋል፣ ባለቤቱ ፎርም ይሞላለታል፤ ከኬንያ ወይም ከኢትዮጵያ ከሆነ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስረጃ ይጨመርበታል። ጥብቅ ነው፣ ግን መጨረሻ አለው። የሚፈለገውን ያሟላ ውሻ ይሄዳል። የኛዎቹ ግን ቃለ መጠይቁን፣ የጤና ምርመራውን፣ ሁሉን ጨርሰው ሻንጣ ከሸከፉ በኋላ በጃንዋሪ 2025 የስደተኞች ቅበላው በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ሲቆም ባሉበት ቀሩ። እቃቸውን ሸጠው የነበሩ አሉ።

ቢሆንም፣ ጎበዝ፣ ያንን በር የዘጋብን ውሻ አይደለም። አንድ ውሻ ከኪሊማኒ ምግብ ቤት ቢባረር የማንም ፋይል አይንቀሳቀስም። ራሳችንን በውሻ መለካቱንም አልወደውም፤ «እኛም እንደ ውሻው ይከፈትልን» የሚል አቤቱታ ምን ዓይነት አቤቱታ ነው?

ሁለተኛ፣ «ባህላችን አይደለም» የሚለው። እዚህ ላይ እኩል ለእኩል ነኝ። ውሻ የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። ስንቶቻችን ቤት «መቻል» የሚባል ውሻ ነበር? ጃንሆይ ራሳቸው ሉሉ የምትባል ትንሽ ውሻ ነበራቸው፤ ስሟን እስከ ዛሬ የማያነሳ የለም። ሙስሊም ወገኖቻችንም የዋሻው ሰዎች ታሪክ ላይ ደጃፍ ላይ ተዘርግቶ የሚጠብቅ ውሻ እንዳለ ከኔ በላይ ያውቃሉ። የከነዓናዊቷን ሴት ወንጌል የሰማ ክርስቲያንም ከማዕድ በታች ፍርፋሪ የሚለቅም ውሻ አይጠፋውም። ውሻ ደጃፍ ላይ አለ፣ ግቢ ውስጥ አለ፣ ሉካንዳ ቤት በር ላይ አጥንት እየጠበቀ አለ። ሞሰብ ዙሪያ ግን የለም። ኬንያውያኑም ቢሆኑ በየግቢው በር ላይ «ምብዋ ካሊ» ብለው ሲጽፉ የኖሩት ውሻ ሥራው ውጭ ስለሆነ ነው። ዛሬ የኪሊማኒና የካረን ወጣት ውሻውን እንደ ልጁ ይዞ ቢወጣ ያ የራሱ ሕይወት ነው፤ ሰልጥኗልም ሰይጥኗልም አልለውም።

ሦስተኛው «ቆሻሻ ነው፣ በሽታ ነው» የሚለው ነው። ይኼኛው ጠለቅ ብሎ መታየት አለበት፤ ምክንያቱም አደጋውን የምናየው በተሳሳተው በር ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገምታል፤ አብዛኛው አፍሪካና እስያ ውስጥ ነው፣ ወደ ሰው የሚያስተላልፈውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ፣ ከርዕሱ ልውጣና፣ ማንም ሰው ቢነከስ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠብ፣ በዚያው ቀን ክትባት ፍለጋ ይሂድ። ነጭ ሽንኩርት አትቀቡ፣ ጠበል ብቻ ብላችሁም አትቆዩ። ልጆች ያላችሁ ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ ልጅ ተነክሶ እንዳይመታ ፈርቶ ይደብቃል።

ሌላም አለ። ካኩማ የኖራችሁ የቱርካና ሕፃናትና ውሾች እንዴት አብረው እንደሚያድጉ አይታችኋል። ቱርካና የሃይዳቲድ በሽታ በዓለም በጣም ከተሰራጨባቸው ቦታዎች አንዱ ሆኖ ይታወቃል፤ አምሬፍ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ጀምሮ እዚያ ሲሠራበት ኖሯል። ነገሩ እንዲህ ነው። ውሻው የታመመ በግ ወይም ፍየል ጥሬ ጉበትና ሳንባ ይበላል። ትሉ ሆዱ ውስጥ ያድጋል። እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ጸጉሩ ላይ ይቀራል፣ ከጸጉሩ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ። ሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ለዓመታት ሳይሰማው ያድጋል፤ ብዙ ጊዜም ቀዶ ጥገና ይጠይቃል።

እንግዲህ ልጠይቃችሁ። ይህን የሚያመጣብን በክትባት ወረቀትና በትል መድኃኒት ያደገው የኪሊማኒ ውሻ ነው? ወይስ በኛው ምግብ ቤት ጓሮ፣ ማታ ማታ የሆድ ዕቃና የጥሬ ሥጋ ትራፊ የምንወረውርለት ባለቤት የሌለው ውሻ? ኢስሊ ውስጥ ከአንዳንድ ወጥ ቤቶቻችን ኋላ በኩል ሂዱና ቁጠሩ። በፊት በር የገባውን እየተጸየፍን በኋላ በር የምናበላው አለን። ጤና ያሳሰበው ሰው ከጓሮው ይጀምር፤ የተቆራረጠውን በክዳን ባለው በርሜል ያድርግ፣ ወይም ይቅበር፣ ሊሰጥ ከፈለገ ቀቅሎ ይስጥ።

ይህን ስል ውሻው ሞሰቡ ጋ ይምጣ ማለቴ አይደለም። የኛ አበላል ለዚህ አይመችም። ፈረንጁ ጠረጴዛው ከፍ ያለ ነው፣ በሹካ ይበላል፣ በግራ እጁ ውሻውን ቢደባብስ የሌላ ሰው ምግብ አይነካም። ሞሰብ ደግሞ ልክ በትልቅ ውሻ አፍንጫ ቁመት ነው። ከአንድ ትሪ አምስት ሰው ይበላል፣ በእጁ። ውሻ የዳበሰ እጅ ተመልሶ እንጀራ ይቆርሳል፣ አልፎም ይጎርሳል ያጎርሳል። ጉርሻ ባለበት ቤት የአንዱ እጅ የሁሉም እጅ ነው። ውሻ ወዳዱ ደንበኛ ይህን ቢነገረው የሚቀየም አይመስለኝም፤ ማንም አልነገረውም እንጂ።

ውጭ ሀገር ያላችሁ «እዚህ እኮ የተለመደ ነው» እያላችሁ ትጽፉልኛላችሁ። እውነት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ውሻ ደንበኛ የሚቀመጥበት ቦታ እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ የለም፤ ባለቤቱ ይወስናል፣ ምግብ ወደሚዘጋጅበት ግን አይገባም። ካሊፎርኒያ ከ2015 መጀመሪያ አንስቶ ለግቢና ለበረንዳ መቀመጫ በቅድመ ሁኔታ የሚፈቅድ ሕግ አላት። ዓይነ ስውራንን የሚመሩ ውሾች ደግሞ ለብቻ የሚታዩ ናቸው፤ ያ ውሻ የሰውየው ዓይን ነው፣ ዓይንህን በር ላይ አስቀምጥ አይባልም። እንደምታዩት እዚያም ቢሆን ዝም ብሎ የተከፈተ በር የለም፤ የት፣ በምን ሁኔታ የሚል ጥያቄ አለው። ሠራተኛው ደግሞ እዚያ ቢያንስ ውል አለው። እኛ ጋ ጽሑፉ ሲለጠፍ ውሻው ታሰበ፣ የውሻው ባለቤት ታሰበ፣ ትሪውን ተሸክማ በውሻው ላይ የምትራመደው ልጅ ግን ማስታወቂያውን ያየችው እንደማንኛውም መንገደኛ በሩ ላይ ነው።

አሁን ወደ ባለቤቷ ልመለስ። ክፉ ሴት አይደለችም። ቡና አፍልታ ነው የተቀበለችን። ኪራይ ጨምሮባታል፣ ፊት ለፊቷ የተከፈተው ካፌ ውሻ ያስገባል፣ ቅዳሜና እሑድ የሚመጡት ውሻ ያላቸው ደንበኞች ደግሞ ጥሩ ይከፍላሉ። «እኔም በስደት ነው የማድረው፣ እናንተ ኪራዬን ትከፍሉልኛላችሁ?» አለችን። መልስ አልነበረንም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ዕድሜያቸውን ወጥ ቤት የፈጁ ሰው ናቸው፣ ረጅም ዝም ብለው ቆይተው «ልጄ፣ ውሻውን አስገቢ። ግን ልጆቹን ሰብስበሽ ማን ይችላል ማን አይችልም ብለሽ ጠይቂ። አምስት ደቂቃ ነው» አሏት።

ጠየቀች። ከሰባት ሠራተኞች አራቱ ግድ የለንም አሉ፤ አንዱማ ውሻ ስለሚወድ በደስታ እኔ ልያዛቸው አለ። ሁለቱ በሃይማኖት ምክንያት አይሆንልንም አሉ። አንዱ፣ በስደት መንገድ ላይ ድንበር ጠባቂዎች ውሻ የለቀቁበት ልጅ፣ ምንም ሳይናገር የሱሪውን እግር ሰብስቦ ባቱን አሳያት። ሦስት ወር አብሯት ሲሠራ አታውቅም ነበር።

የተስማማነው ይኼ ነው። ውሻ ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር ካሉት አራት ጠረጴዛዎች አያልፍም፣ ታስሮ ይቀመጣል። ሞሰብ ያለበት አዳራሽ አይገባም። ውሃ የሚጠጣበት የራሱ ዕቃ ይኖረዋል፣ ከኛ ሳህን ጋር አይታጠብም። የእጅ ማስታጠቢያው ግቢ ድረስ ይወጣል። ግቢውን ፈቃደኞቹ አራቱ ይይዛሉ፣ ሌሎቹ ውስጡን፤ በዚህ ምክንያት የማንም ደመወዝ አይነካም። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍም ይህንኑ እንዲናገር ተቀይሯል፣ በአማርኛም ተጨምሯል። ውሻ የያዙት ደንበኞች አልቀሩም፤ ባለፈው ቅዳሜ አልፌ ሳይ ሦስቱም ዛፉ ሥር ነበሩ።

እህታችን ሥራዋ ላይ ተመልሳለች። የተቆረጠባት የሁለት ቀን ደመወዝ ግን እስከ ዛሬ አልተከፈለም፤ ባለቤቷ «ያ ያለፈ ነው» ትላለች። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከጋሼ ጋር ተመልሰን እንሄዳለን። ሌላ ምግብ ቤት ውስጥ ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስማችሁን አላወጣም።