በኋላ

ዩኒቨርሲቲ ሳለን ስለ ምንጭ ጥበቃ የተማርነው ስም መቀየርን፣ ፊት መሸፈንን፣ ድምፅ ማጎርነንን ነበር። ብራውዘር የሚባል ነገር ያነሳልን አልነበረም።

መስከረም 29 ቀን 2017 ዓ.ም. ሞዚላ የፋየርፎክስን አንድ ቀዳዳ ደፈነ። ኢሴት የተባለው የደኅንነት ኩባንያ የነገራቸው በዋዜማው ነው፤ ማስተካከያው በ25 ሰዓት ውስጥ ወጣ። ፈጥነዋል፣ እውነት ነው። ሌቦቹ ግን ቀድመው እየገቡበት ነበር። የተበላሸውን ገጽ መክፈት ብቻ ይበቃል፤ «እሺ» ብሎ መጫን፣ ፋይል ማውረድ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብራውዘሩ ገጽ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ለማሳየት ከኮምፒውተሩ ሜሞሪ ቦታ ይከራያል፤ ሲጨርስ ይለቃል። እዚህ ጋ ግን ቦታውን ከለቀቀ በኋላም አድራሻውን ይዞ ቀረ። የኪራይ ቤቱን የለቀቀ ሰው ማታ በልማድ ወደ ድሮ ቤቱ ተመልሶ፣ በጨለማ እንስራው ከሚቀመጥበት ጥግ ውኃ ቀድቶ ሲጠጣ አስቡት። በመሐል ሌላ ሰው ገብቶ እንስራው ውስጥ የፈለገውን ጨምሯል። እሱ የራሱ መስሎት ይጠጣል። (እኔ ሦስት ቤት ስለቀያየርኩ ይሆናል ቶሎ የገባኝ።) ስህተቱ ደግሞ ብርቅ አይደለም፤ የክሮም ሠሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ከከባድ የደኅንነት ስህተቶቻቸው 70 በመቶ ያህሉ የሜሞሪ ጣጣ መሆኑን ጽፈዋል።

ዝርዝሩን ያነበብኩት ኅዳር ላይ፣ በዚያው ባልታደሰ ፋየርፎክስ ነው። ዳታዬን እንዳይበላ አውቶማቲክ አፕዴቱን ራሴው አጥፍቼዋለሁ። ማሳሰቢያው ብቅ ባለ ቁጥር «በኋላ» እላለሁ። አጠገቡ ባለው ታብ ኢሜይሌ ተከፍቷል፤ እዚያ ውስጥ ከአረብ አገር የተመለሰች ሴት የነገረችኝ ሁሉ አለ፣ ከነሙሉ ስሟ። ስሟን ማንም እንደማያይ ቃል ገብቼላታለሁ።

አፕዴት አደረግኩና ደወልኩላት። የተነጣጠረው በብዛት አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ላይ እንደነበር ነገርኳት። አውሮፓ ምኗም አልነበረም።

«ስሜን አይተውታል ማለት ነው?»

«አይመስለኝም። ግን አላዩም ብዬ ልምልልሽ አልችልም።»

ዝም አለች። ከዚያ፣ «በሚቀጥለው ስትመጪ ያንን ኮምፒውተር ይዘሽ እንዳትመጪ» አለችኝ።

ደብተር ይዤ ሄድኩ።